በሰው በር ላይ የተባለ ይቅርታ

አትላንታ፣ እሑድ ኦክቶበር 5 ቀን 2025

እቴቴ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ስልኬ አልተበላሸም። በአባዬ በኩል ያስነገርኩሽ ውሸት ነው። ስትደውዪ ስምሽን እያየሁ ነው የማላነሳው። ድምፅሽን ከሰማሁ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ ሚካኤላ ትሰማኛለች፤ የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው። ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፤ ወልዲያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የቀረብኝ ነገር እንደቀረ ነው። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው።

ሁላችንም ደህና ነን። ማለቴ፣ የታመመ የለም። አባዬ አሁንም ደንዉዲ ካለው ሆቴል እንግዳ ወደ ኤርፖርት በሻትል ሚኒባስ ያመላልሳል። እኛም ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ያለው አፓርታማ ውስጥ ነን፤ አልለቀቅንም።

“አርብ ዕለት ለአባትሽ ስደውል የሚካኤላ ድምፅ ከቤት ይሰማል፤ በዓል ነው እንዴ?” ላልሽው፣ በዓል አይደለም። ሰስፔንድ አድርገዋታል። እስኪወሰንባት ድረስ ትምህርት ቤት አትድረስ ማለት ነው። ባስ ላይ አንድ ልጅ በውሃ ኮዳዋ መታች፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ኬይደን ይባላል። እንደሷ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በቁመቱ ግን እኔን ይበልጠኛል። ኮዳው ብረት ስለሆነ “መሣሪያ” ብለው ጻፉባት። ሮዝ ኮዳ ነው፣ እቴቴ። ቢራቢሮ ተለጥፎበታል።

ለምን መታችው ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ሁሉንም ዛሬ አልነግርሽም። ይህን ያህል ግን ልንገርሽ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ከኋላዋ ነው የሚቀመጠው። ቦርሳዋን ይነጥቃታል። ስትናገር በስልኩ ይቀዳትና ለሌሎቹ ያሰማል፤ ባሱ በሙሉ ይስቃል። እኔም እዚያው ባስ ላይ ነኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል ስላስገቡኝ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነኝ። ለሹፌሩ ነገርኩት፤ “ስዊትሃርት፣ ቦታሽ ተመለሺ” አለኝ። ለምክትል ዳይሬክተሩም ነገርኩት። የኔ እንግሊዝኛ አፌ ውስጥ እያለ ጥሩ ነው፤ ሲወጣ ነው የሚበላሸው። እሱ ግን ገብቶታል። ስሜን ጠየቀኝ፣ እጄን ጨበጠኝ፣ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

አርብ ኦክቶበር 17 ሂሪንግ አለባት። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ከፈረዱባት ጥፋተኛ የሚሏቸው ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ሌላ ትምህርት ቤት ትላካለች፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ኤርፖርት እየተፈተሹ የሚገቡበት። ዓመቱን ሙሉ። ሚካኤላ ደግሞ “እዚያ ከላካችሁኝ ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም” ብላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግን አንቺ ነሽ ያሳደግሻት፣ ያለችውን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ።

አባዬ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። አንቺም እንዳታስታውቂብኝ።

ፎቶዋን ላኪልኝ ላልሽው፣ አሁን አልችልም። ሻሽ አስራለች። ይቅርታ።

እድላዊት


ወልዲያ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ እድላዊት፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጄ ስጽፍ ሰላምታ አያምርብኝም። ለአባትሽ ደወልኩለት። አንቺን አላነሳሁም። “ክፉ ሕልም አየሁ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው?” አልኩት። ጎሹ ከልጅነቱ ጀምሮ ሕልም ይፈራል፤ ሳልጨርስ ሁሉንም ዘረገፈው።

ከደብዳቤሽ ፎቶ ሥር “መምታቷ ጥፋት ነው ወይ?” ላልሽው መልሴ ይህ ነው፤ አዎ፣ መምታቷ ጥፋት ነው። እኔም እዚያ ብሆን እመታው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

አሁን የማዝዘውን ስሚ። ልጆች ሲጣሉ ዳኛ ፊት አይኬድም። አባትሽን ነግሬዋለሁ፤ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ልጁ ቤት ይሂድ። እናንተ ሕንፃ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ተክሌ አሉ አይደል? እሳቸው ይሁኑ። ባዶ እጅ አይኬድም፣ ፍራፍሬ ይያዝ። በር ላይ ቆሞ ማን ጀመረ ማን መታ አይባልም፤ ዝቅ ብሎ “የኔ ልጅ አጥፍታለች፣ ይቅርታ” ይበል። ያን ጊዜ የልጁ እናት “ኧረ የኔም አላረፈም” ትላለች። የእናት ሆድ የትም አገር አንድ ነው። ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ ነገሩ ሁሉ ይወጣል፣ ልጆቹም ይታረቃሉ። የታረቀ ነገር ላይ ማን ይፈርዳል?

አንቺ ግን መሐል አትግቢ። ዝም በይ፤ ጠባይሽም ስለሆነ አይከብድሽም።

ደግሞ ሚካኤላ ሻሽ አትወድም። ልብ ያላልኩ እንዳይመስልሽ።

አክስትሽ ሰብሐት


አትላንታ፣ እሑድ ኦክቶበር 12 ቀን 2025

እቴቴ፣

“እንዴት ሆነላችሁ?” እያልሽ የላክሽውን ድምፅ ሁሉ ሰምቻለሁ። መልስ ያጣሁት አንቺን እንዳላሳዝን ነው። አሁን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። አልታረቅንም። የባሰ ሆነ።

ረቡዕ ማታ ሄዱ። ልጁ የሚኖረው ብሩክሄቨን ነው፤ ከኛ ሩቅ አይደለም፣ ግን ቤቶቹ ሁሉ የሣር ሜዳ አላቸው። እኔ መኪናው ውስጥ ቆየሁ። አባዬ ለኤምባሲ ኢንተርቪው የለበሰውን ሱፍ ለብሷል። ጋሽ ተክሌ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ማንጎና ብርቱካን በካርቶን ይዘዋል።

“ጎሹ፣ አንገትህን ስበር” አሉት ጋሽ ተክሌ ከበሩ ሳይደርሱ።

“ሰብሬያለሁ፣ ጋሼ።”

“ይህ መሰበር ነው? ይህማ መኪና ስትነዳ የምትሆነው ነው። ዝቅ!”

መሳቅ አምሮኝ ነበር። በሩ ግን አልተከፈተም። ካሜራ ያለው ደወል ነበር፤ የኬይደን እናት በደወሉ ውስጥ ሆና ነው ያናገረቻቸው። አባዬም ለደወሉ አንገቱን ሰብሮ፣ “ማይ ዶተር ኢዝ ሮንግ። አይ አም ቬሪ ሶሪ። ፕሊዝ” አለ። ጋሽ ተክሌ በአማርኛ መረቁ፤ ለደወሉ። ሴትየዋ ሂዱ አለች። ካርቶኑን ደጃፉ ላይ ትተው ተመለሱ።

አባዬ መኪና ውስጥ ገብቶ የሱፉን ቁልፍ ፈታ። ጋሽ ተክሌ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። “ምን ያስተክዝሃል? ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ ተብሎ ያውቃል? የልጆችህን እናት ስትጠይቅ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላለሰ ብለኸኛል? ነገ እንመጣለን” አሉት።

ሐሙስም ተመልሰው ሄዱ። ካርቶኑ እዚያው ነበር፣ ማንም አልነካውም። ደወሉን ደጋግመው ተጫኑት። አሁን የመጣው ፖሊስ ነው። አልጮኸባቸውም፤ መንጃ ፈቃዳቸውን አይቶ፣ ሦስተኛ ከመጡ እንደሚያስራቸው በትሕትና ነገራቸው። ጋሽ ተክሌ እስከ ዛሬ ከቤት አልወጡም።

አርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ተደወለ። እናትየዋ የደወሉን ቪዲዮ ልካላቸዋለች። አባቷ ራሱ ጥፋተኛ ናት ብሏል፤ በተጨማሪም ቤተሰቡ ሰው ቤት እየሄደ ያስፈራራል፤ ይህን ነው የሚሉት። ምክትል ዳይሬክተሩ አባዬን አንድ ነገር መክሮታል። በሚመጣው አርብ ሂሪንጉ ሳይጀመር ጥፋቱን ተቀብሎ ወረቀት ከፈረመ፣ ሚካኤላ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ማንም ምንም አይጠየቅም፤ ነገሩ በጸጥታ ያልቃል። አባዬ ልፈርም ነው ብሏል።

አሁን ስለ ሻሹ። ባለፈው ያልነገርኩሽ ሚካኤላ ስላስማለችኝ ነው። ጎረቤታችን ናዲያ የሠራችላትን ሹሩባ ኬይደን ባስ ላይ በመቀስ ቆረጠው። ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለውን አንዱን፣ ከሥሩ። ቆርጦም አነሳና ለልጆቹ አሳየ። ያን ጊዜ ነው ዞራ የመታችው። ትምህርት ቤት ሲጠይቋት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አፍራ ነው። ባሱ ካሜራ አለው፤ ለአባዬ ሲያሳዩት ግን የጀመሩለት እጇን ካነሳችበት ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አላሳዩትም። እሱም አልጠየቀም። አባዬ አስተማሪ አንድ ነገር ካሳየው፣ ሌላም አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ትናንት መሐላዬን አፍርሼ ለአባዬ ነገርኩት። ተነሥቶ ወደ ሚካኤላ ሄዶ ሻሿን ፈታና ፀጉሯን አየው። መልሶ አሰረላት፤ ማሰር ስለማይችል ጆሮዋን ሸፈነው። ወጥቶ “እንግዲህ ተናግሬያለሁ፤ ልጄ አጥፍታለች ብያለሁ። ቃሌን በሰው ፊት እንዴት አጥፋለሁ?” አለኝ።

“አይሆንም” አልኩት። እቴቴ፣ ለአባዬ አይሆንም ብዬ አላውቅም። እሱም ደንግጦ፣ “ምን አልሽ?” አለ። ድጋሚ አይሆንም አልኩት፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ዝም በይ ብለሽኛል። ዝም ማለት አልቻልኩም። ተቆጪኝ።

እድላዊት


ወልዲያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ እድል፣

አልቆጣሽም። የምቆጣው ሌላ ሞልቷል።

ሽማግሌ ይሂድ ያልኩ እኔ ነኝ። ላለቅስበት ግን ጊዜ የለኝም፤ ደግሞም ምክሩ መጥፎ አልነበረም፣ ይቅርታው የቀረበለት ሰው ነው እንጂ። በእኛ ደንብ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ተነሥቶ ቀና ያደርገዋል። ሽምግልና ማለት ይኸው ነው። ወንድሜ ዝቅ አለ፤ ቀና የሚያደርገው ሰው አልወጣም። ዝቅ እንዳለ ቪዲዮ አንስተው አስቀሩት። ይህ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ሰው ለሰላም የዘረጋውን እጅ ካቴና ውስጥ ማስገባት ነው።

ከደብዳቤሽ ሥር “አስተማሪ ላይ አፍ ማውጣት ነውር አይደለም ወይ?” ላልሽኝ፣ እኔም ነውር ነው ብዬ ነው ያሳደግኋችሁ። ግን ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ልጅ ለአስተማሪ የሚሰጠው በአደራ ነው። እናት ጠዋት ልጇን ስትሸኝ እስከ ማታ እናትነቷን ታውሳቸዋለች። ለዚህ ነው የምናከብራቸው፤ ለዚህ ነው የማንከራከራቸው። አደራ የተቀበለ ሰው ግን አደራው የት ደረሰ ሲባል ይመልሳል። ባሱ የነሱ ነው። ሹፌሩ የነሱ ነው። አንቺ ሄደሽ ነግረሻቸዋል፤ አልሰማንም ማለት አይችሉም። የልጄ ፀጉር በነሱ እጅ ላይ ሳለች ተቆርጧል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፣ ተጠያቂዎቹ እነሱ። ቦታ ተቀያይራችሁ ተቀምጣችኋል፤ ተነሡና ቦታችሁን ያዙ።

“ተናግሬ ቢብስስ?” ብለሻል። ይባስ። ዝም ብላችሁስ ምን ቀረላችሁ?

“አፌ ቢተሳሰርስ?” ብለሻል። ተሳስሮ ይውጣ። ሰው የተሳሰረ አፍ አይቶ አያውቅም እንዴ?

እሑድ ማታ ለጎሹ ደውዬ፣ “ታላቅህ ነኝ፣ እንዳትፈርም” አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። በዕድሜው ዘግቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ ሆኜ የምችለው እዚህ ላይ አልቋል። የቀረው አንቺ ነሽ።

ዝም በይ ያልኩሽን መልሼ ወስጃለሁ።

ሰብሐት


አትላንታ፣ ሐሙስ ኦክቶበር 16 ቀን 2025

እቴቴ፣

አባዬ ስልኩን የዘጋብሽ ንቆሽ አይደለም። እያለቀሰ ነበር፤ እንዳትሰሚው ብሎ ነው። እንዳልኩሽ ግን አትንገሪው።

“ቋንቋውስ እንዴት ይሆናል?” ብለሽ ጠይቀሻል። እሱን ነው የማወራሽ። የሂሪንጉ ጥሪ ላይ ከታች፣ ወላጅ ከፈለገ አስተርጓሚ በነጻ ይመጣል፤ ምስክርም ማምጣት ይቻላል ይላል። ለአባዬ አሳየሁት። ቀድሞም አይቶታል።

“አስተርጓሚዋ ሐበሻ ናት” አለኝ። “እዚህ ያለነው ሐበሾች ስንት ነን? እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጉዳችን ይደርሳል። ልጁ ፖሊስ ቤት የደረሰችበት ጎሹ እባላለሁ። ገመናችንን ለሰው አናወጣም።”

“አባዬ፣ ገመናው የኛ አይደለም፤ የነሱ ነው” አልኩት።

የሥራ ሰዓቱ ደርሶ ወጣ። እኔም ስልኩን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሚካኤላ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ታየኛለች።

“ልትደውዪ ነው?”

“አዎ።”

“አንቺ? ለፒዛ እንኳን እኔ ነኝ የምደውለው! ኦ ማይ ጋድ።”

ጥሪው ላይ ለአስተርጓሚ ወደተጻፈው ቁጥር ደወልኩ። እንግሊዝኛ የሚናገር ማሽን ነው ያነሳው፤ ልዘጋው ስል አማርኛ የሚለውን ሰማሁና ተጫንኩት። ቅድስት የምትባል አስተርጓሚ አነሳች። የአባቴን ስም ስነግራት፣ “ጎሹ? ሻትል የሚነዳው ጎሹ? ውይ፣ አውቀዋለሁ! ደህና ነው?” አለችኝ። እቴቴ፣ ልክ አባዬ የፈራው ነው። ስልኩን ጥዬ ብሮጥ ደስ ይለኝ ነበር። ሚካኤላም ሰምታ ትራስ ፊቷ ላይ አደረገች። ግን አልዘጋሁም።

“የምትሰሚውን ለሰው ትነግሪያለሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። አላፈርኩም። ማለቴ፣ አፍሬ ነው የጠየቅኩት፤ ግን ጠየቅኩ።

“ልክ ነሽ፣ መጠየቅ አለብሽ። የሰማሁትን እዚያው ክፍል ትቼ ነው የምወጣው። ባወራ ሥራዬንም አጣለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ስለናንተ አልከራከርም። አላሳምርም፣ አላለዝብም። አንቺ ያልሽውን ብቻ ነው በእንግሊዝኛ የምለው። ዝም ካልሽ እኔም ዝም ነው የምለው” አለችኝ።

“በአማርኛ ማውራት እችላለሁ?”

“እኔ ለምን የምመጣ ይመስልሻል?”

እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነሽ ይሉኛል፤ እኔም አምኜ ነበር። ምክትል ዳይሬክተሩ ፊት የቆምኩት ልጅ የምታውቃቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሯት፣ እነሱንም አንድ በአንድ እየፈራች ነበር የምታወጣቸው። በአማርኛ ግን የማውቀውን ሁሉ አውቃለሁ። ማን የት እንደተቀመጠ፣ መቀሱን ከማን ቦርሳ እንዳወጣው፣ እነማን እንደሳቁ፣ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ ምን እንዳለ። መናገር እፈራለሁ እንጂ የምናገረው አላጣሁም።

አባዬ ማታ ሲመጣ አስተርጓሚ እንደጠራሁና ራሴን ምስክር ብዬ እንዳስመዘገብኩ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን እንዳደረገ ቀረ።

“ማን ናት?”

“ቅድስት።”

“የመዘምራኗ ቅድስት?” ዓይኑን ጨፈነ። “በቃ፣ አለቀልን።”

“አታወራም። ጠይቄያታለሁ።”

“እንዲያ ብለሽ ጠየቅሻት? ፊት ለፊት?”

“በስልክ።”

መጀመሪያ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አየኝ ብቻ፤ እንደ እንግዳ ሰው። “እናትሽን ታውቂያት ነበር? እሷም እንዲህ ነበረች” አለኝ። በደንብ እንደማላስታውሳት ያውቃል። ከዚያ፣ “አልፈርምም ማለቴ አይደለም። ግን መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ። እሰማሻለሁ። ከሰማሁ በኋላ እወስናለሁ” አለኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩትም። የሱን መፍራት እኔ አውቀዋለሁ፤ የኔም እንደዚያው ነው።

ሚካኤላ “ብንሸነፍስ?” ብላኛለች። አላውቅም አልኳት። አንቺም እንዳትጠይቂኝ፣ አላውቅም። ቢፈርዱባት ከነሱ በላይ ያለውን ቢሮ እጠይቃለሁ፤ ቅድስት አለ ብላኛለች። እዚያም አማርኛ መናገር ይቻላል።

ነገ ባሱን አልሳፈርም፤ ከአባዬና ከሚካኤላ ጋር በመኪና እሄዳለሁ። ካሜራውን እኛ ከተሳፈርንበት ጀምረው እንዲያሳዩን እጠይቃለሁ። ባሱ ላይ ከሹፌሩ ሌላ ትልቅ ሰው እስኪቀመጥ ድረስ ማንኛውም ልጅ እዚያ ብቻውን እንዳይተው እላለሁ፤ የኔ እህት ብቻ ሳትሆን ማንኛውም። አባትሽ ጥፋተኛ ናት ብሏል ካሉኝ፣ አባቴ ለመታረቅ የመጣ ሰው እንደሆነና እስካሁን ማንም መልስ እንዳልሰጠው እነግራቸዋለሁ። ሰኞ እህቴ ክፍሏ ትገባለች ብዬ እጨርሳለሁ፤ ትገባለች ወይ ብዬ አልጠይቃቸውም።

ይህን ሁሉ ባልል እንኳን፣ አንዱን ግን አደርገዋለሁ። ወረቀቱን ወደ አባዬ ከመግፋታቸው በፊት እጄን አነሳለሁ፤ እስኪያዩኝም አላወርድም።

እድላዊት